የተራራና የደን ጠባቂ ተለማማጅ፤ ከመስከረም እስከ መስከረም የሚማረው የእጅ ሙያ

ደጋው አገራችን ዝናም ያልተነፈገው፣ ዐፈሩም ለም የነበረ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዛፍ የሌለው ተራራ ጠጉሩ እንደ ተላጨ ራስ ነው፤ ዝናም በመጣ ጊዜ የሚጋርደው አንዳች ነገር የለውም። ከራቁት ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በመጀመሪያ ቀጭን መስመር ያበጃል፤ መስመሩ በሚቀጥለው ክረምት ቦይ ይሆናል፤ ቦዩም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሬ ከነቀንበሩ የሚሰወርበት ቦረቦር ሆኖ የገበሬውን ማሳ ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚያ በኋላ ከሳሽም ተከሳሽም የለም፤ ዐፈሩ ወንዝ ተሻግሮ ሄዷል።

ይህ ጥፋት እንዳይደርስ ከሚደክሙት ሰዎች አንዱ የተራራና የደን ጠባቂ ነው። በብሔራዊ ፓርኮቻችን ውስጥ ሰው «እስካውት» ብሎ ይጠራዋል፤ በመንደር ደን ላይ የተመደበው ደግሞ «የደን ዘበኛ» ይባላል። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ብዙ ሰው የዚህን ሰው ሥራ የሚመዝነው በትከሻው ላይ ባለው ጠመንጃ ነው። ይህ ግን ታላቅ ስሕተት ነው። ጠመንጃ ሌባን ያስፈራራ ይሆናል እንጂ ዛፍ አያበቅልም፤ የፈረሰ ካብ አይጠግንም፤ የደረቀ ምንጭም አያፈልቅም። ጠባቂው ዋናውን ሥራውን የሚሠራው በዓይኑ፣ በእጁና በአንደበቱ ነው። እነዚህንም ሦስቱን የሚያሠለጥነው ከነባር ጠባቂ ሥር ሆኖ፣ አንዱን የእርሻ ዓመት ከነወራቱ በመከተል ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው በደጋው አገር አንድ ተለማማጅ ከመስከረም እስከ መስከረም የሚያልፍበትን ትምህርት በቅደም ተከተል የሚገልጽ ነው።

መስከረምና ጥቅምት፤ አገሩን በእግር ማወቅ

የተለማማጁ የመጀመሪያ መጽሐፍ መንገዱ ነው። ነባሩ ጠባቂ ፊት ፊት እየሄደ የጥብቁን ቦታ ድንበር ከድንጋይ እስከ ድንጋይ፣ ከወንዝ እስከ ወንዝ ያሳየዋል። የእያንዳንዱን ሸንተረርና የእያንዳንዱን ምንጭ ስም፣ የአገሩ ሰው በሚጠራው አጠራር ማወቅ ግዴታው ነው። እሳት በተነሣ ወይም ሰው በጠፋ ሌሊት «ከዚያ ማዶ» ብሎ መናገር ምንም አይጠቅምምና።

ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለ ሆነ መሬቱ የደረሰበትን ጉዳት የሚናገርበት ጊዜ ይህ ነው። ተለማማጁ አራት ምልክቶችን ለይቶ ማወቅ ይማራል። አንደኛው፣ ከዛፉ ግርጌ የተገለጠ ሥር ነው፤ ሥሩ ምን ያህል ከመሬት በላይ እንደ ወጣ ሲለካ ዛፉ ከበቀለ ወዲህ የተወሰደው ዐፈር ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ጠጠር ተሸክማ የቆመች ትንሽ የዐፈር ምሰሶ ናት፤ ጠጠሩ የጋረደው ዐፈር ሲቀር በዙሪያው ያለው መታጠቡን ታሳያለች። ሦስተኛው፣ በማሳው ላይ እንደ ጣት የቀጠነ የጎርፍ መስመር ነው። አራተኛው፣ የወንዙ ውኃ መልክ ነው፤ ከደን የሚወርድ ውኃ ዝናም ባባራ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጠራል፤ ከተራቆተ አገር የሚወርደው ግን ቡና መስሎ ይቆያል።

በዚሁ ወራት የዱር አራዊት አቆጣጠርም ይለመዳል። በሰሜን ተራሮች ዋልያ የሚገኘው በገደሉ ደረት ላይ ሲሆን፣ ጧትና ማታ ለግጦሽ ሲወጣ ይታያል። ዋልያ በዚያ ተራራ ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ዱር የማይኖር እንስሳ ስለ ሆነ አቆጣጠሩ የዋዛ ነገር አይደለም። ተለማማጁ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ መንገድ ሄዶ መቁጠር እንዳለበት ይማራል። መንገዱን ወይም ሰዓቱን የለወጠ እንደ ሆነ የዘንድሮው ቁጥር ከአምናው ጋር ሊተያይ አይችልም። ቁጥሩንም በጅምላ አይጽፍም፤ ወንዱን፣ ሴቷንና ግልገሉን ለየብቻ ይመዘግባል። ብዙ ትልልቆች ታይተው ግልገል የጠፋ እንደ ሆነ መንጋው ዛሬ የበዛ መስሎ ነገ የሚያልቅ መሆኑን ጠባቂው ይረዳል።

የሞተ ቀይ ቀበሮ ወይም የሞተ ውሻ በጥብቁ ቦታ ያገኘ ተለማማጅ በባዶ እጁ ከቶ መንካት የለበትም። ቦታውንና ሰዓቱን ጽፎ በፍጥነት ለአለቃው ማስታወቅ ይገባዋል። በባሌ ተራሮች በ1991ና በ1992፣ ኋላም በ2003ና በ2008 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከቀይ ቀበሮዎቹ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሾች ስለ ሆነ፣ ውሻን ማስከተብ ቀበሮን መጠበቅ መሆኑን ተለማማጁ ለጎረቤቶቹ ያስረዳል።

የማስታወሻ ደብተሩ ሥርዓትም እንደዚሁ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የታየው ነገርና የተደረገው ነገር ይጻፋል። «አየሁ» እና «ሰማሁ» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን በሌላው ስፍራ መጻፍ ሐሰት ነው። ዝናም ያላበላሸው ጥሩ ደብተር በፍርድ ቤት ፊት ከአሥር ሰው አፍ ይበልጣል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፤ ዘርና ችግኝ

አዝመራው ሲሰበሰብ ተለማማጁ ወደ ዘር ለቀማ ይዞራል። ዘር የሚለቀመው ቀጥ ብሎ ካደገ፣ በሽታ ከሌለበትና በመካከለኛ ዕድሜ ካለ እናት ዛፍ ነው። ከአንድ ዛፍ ብቻ መልቀም አይገባም፤ ልጆቹ ሁሉ የአንድ እናት ከሆኑ የአንዱ ድክመት የሁሉም ድክመት ይሆናልና፣ ተራርቀው ከቆሙ ከብዙ ዛፎች ይሰበሰባል።

እያንዳንዱ ዘር የራሱ ጠባይ አለው። የአገራችን ጥድ ፍሬው ሲጠቁር ይለቀማል፤ ሥጋው ታሽቶ ከወጣ በኋላ ዘሩ በውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ ባዶው ሲንሳፈፍ ፍሬ ያለው ይዘቅጣል። ከጥድ ዘር ብዙው ባዶ ስለሚሆን ይህን ፈተና የዘለለ ሰው መደቡን በከንቱ ያጠጣል። የግራር ዘር ቆዳው እንደ ቀንድ የጠነከረ ነው፤ የፈላ ውኃ ከእሳት ላይ ወርዶ ይፈስስበትና እስኪበርድ ድረስ በዚያው ውስጥ ያድራል፤ ያበጠው ይዘራል። የኮሶ ዘር ደግሞ ደቃቅ ስለ ሆነ በጥልቀት ከተቀበረ አይወጣም፤ በመደቡ ላይ ተበትኖ ስስ ዐፈር ብቻ ይለብሳል። ለማናቸውም ዘር ሕጉ አንድ ነው፤ ዘሩ ከራሱ ውፍረት ከሁለት ወይም ከሦስት እጥፍ በላይ አይቀበርም።

ጥድ፣ ወይራና ዝግባ እድገታቸው ዝግተኛ ነው። በሐምሌ ለተከላ እንዲደርሱ የሚፈለግ ከሆነ መደቡ ቀደም ብሎ መዘጋጀት አለበት። ለላስቲኩ ከረጢት የሚሆነው ዐፈር ከአካባቢው ዐፈር፣ ከበሰበሰ ፍግና ከአሸዋ ተደባልቆ ይነፋል። ውኃ የሚጠጣው ጧትና ማታ ነው። የችግኝ ጣቢያ ሥራ የሕፃን አስተዳደግ ነውና፣ በዓል ነው ተብሎ የሚታለፍ ቀን የለውም።

ጥርና የካቲት፤ ካብ፣ እርከንና ክትር

ጥርና የካቲት አዝመራው የገባበትና መሬቱ የደረቀበት ወራት ስለ ሆነ፣ የገጠሩ ሕዝብ ለዐፈርና ለውኃ ጥበቃ ሥራ በአንድነት የሚወጣበት ጊዜ ነው። ተለማማጁ ከጠባቂነት ወደ ግንበኝነት የሚሻገረውም በዚህን ጊዜ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እኩል ከፍታ ያለውን መስመር መለየት ይማራል። ዓይን በተዳፋት መሬት ላይ ያታልላል፤ ቀጥ ያለ የመሰለው ቦይ ጎርፉን ወደ አንድ ጫፍ ሰብስቦ አዲስ ቦረቦር ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሜትር የሚሆኑ ቀጥ ያሉ እንጨቶች ጫፋቸው ላይ ታስረው እግራቸው በፊደል «ለ» ቅርጽ ይከፈታል፤ በወገባቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ይታሰራል፤ ከአናቱም ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ይንጠለጠላል። ይህን ቀላል መሣሪያ ማንም ገበሬ በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል።

መሣሪያው ከመሥራቱ በፊት መፈተን አለበት። ሁለቱ እግሮች በሁለት ችካሎች ላይ ይቆሙና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ስፍራ ምልክት ይደረጋል። ቀጥሎ እግሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሲባጎው አሁን የነካበት ስፍራም ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች መካከል እውነተኛው ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ አንዱን እግር ተክሎ ሌላውን ወደ ፊት እያዞሩ፣ ሲባጎው በመካከለኛው ምልክት ላይ ባረፈ ቁጥር ችካል መትከል ነው። የችካሎቹ መስመር ኮረብታውን እንደ መቀነት ሲዞረው የእርከኑ መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

በእርከንና በእርከን መካከል የሚኖረው ርቀት እንደ ተዳፋቱ ይለያያል። ተዳፋቱ ከመቶ 15 ያልበለጠ ከሆነ ከአንዱ እርከን እስከ ሌላው ያለው ቁልቁለት 1 ሜትር ቢሆን የተለመደ ነው። ስለዚህ ከመቶ 5 በሚያዘቀዝቅ ማሳ ላይ እርከኖቹ 20 ሜትር ያህል፣ ከመቶ 10 በሚያዘቀዝቅ ላይ 10 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ከዚያ በላይ በሚያቀና መሬት ላይ የሚታየው የዐፈሩ ጥልቀት ነው፤ ቁልቁለቱ የዐፈሩ ጥልቀት 2.5 እጥፍ ይሆናል። ይኸውም ዐፈሩ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ቁልቁለቱ 1.25 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ገበሬው እርከኑ ማሳውን አጠበበብኝ ብሎ የሚያማርር በመሆኑ፣ ተለማማጁ ርቀቱን በልክ ማውጣትና ምክንያቱንም ማስረዳት አለበት።

ካብ መካብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። መሠረቱ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ይቆፈራል። ታላላቆቹ ድንጋዮች ከታች ይቀመጣሉ፤ የድንጋዩ ርዝመት ወደ ኮረብታው ውስጥ ይገባል እንጂ በፊት ለፊት አይጋደምም። አንዱ ድንጋይ በሁለት ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ያርፋሉ፤ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ላይ ከዋለ ካቡ ከዚያው ይሰነጠቃል። የካቡ ፊት ጥቂት ወደ ኮረብታው ያዘነብላል፤ ከበስተ ጀርባውም ጠጠር ይሞላል። ጭቃ አያስፈልገውም፤ ውኃ በድንጋዮቹ መካከል ሲያልፍ ዐፈሩን ትቶ ይሄዳልና። በዚህ ጥበብ የኮንሶን ሕዝብ የሚተካከል ጥቂት ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር ከ400 ዓመት በላይ በቆየ ልማድ የተሠራ ሲሆን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ካቦቹን የሠሩት ከአባቶቻቸው ጎን ቆመው ድንጋይ እያቀበሉ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ የተለማማጅነት ትርጉምም ይኸው ነው።

ቦረቦር የሚታከመው ከአናቱ ነው። በላይ ያለው ተራራ ሳይከለልና ጎርፉ ሳይቀለበስ በቦረቦሩ ሆድ ውስጥ ድንጋይ መደርደር ቁስልን ሳያጥቡ ጨርቅ መጠቅለል ነው። በላይኛው በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከተቆፈረ በኋላ ክትሮቹ በቅደም ተከተል ይሠራሉ። ርቀታቸውን ለማወቅ የላይኛው ክትር ግርጌና የታችኛው ክትር አናት እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን ማየት ይበቃል። የክትሩ ሁለት ክንፎች እስከ ግማሽ ሜትር በቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ይቀበራሉ። የክትሩ መካከል ከክንፎቹ ዝቅ ብሎ ለጎርፉ በር ይሆናል፤ ውኃው ዘሎ በሚወድቅበት ስፍራም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል።

ብዙ ተለማማጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለዓይን ያማረ ክትር ለመሥራት ሲል መካከሉን ከፍ ያደርገዋል ወይም አናቱን እንደ ገበታ ያስተካክለዋል። የሰኔ የመጀመሪያ ጎርፍ ሲመጣ በመካከል በር ስላጣ በጎን ይዞራል፤ ግድግዳውን ቦርቡሮ የሰውየውን ማሳ ይወስዳል፤ ክትሩ ግን ምንም ሳይሆን በደረቁ ቆሞ ይቀራል። ነባር ጠባቂዎች ይህን ያደረገ ተለማማጅ ሲያጋጥማቸው አይሳደቡም። ማሳው ወደ ተጎዳበት ገበሬ ይዘውት ይሄዱና ክትሩን ከገበሬው ጋር ሆኖ በገዛ እጁ እንዲያፈርሰውና እንደ ገና እንዲሠራው ያደርጋሉ። በዚህ ዓይነት የተማረውን ሰው ሁለተኛ ሲሳሳት ማየት ብርቅ ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ፤ የእሳት ወራት

ሣሩ በደረቀበትና ነፋሱ በበረታበት በዚህ ወራት ጠባቂ እንቅልፍ የለውም። እሳት የሚነሣው ከብዙ ምክንያት ነው፤ ማር ቆራጭ ከተወው ጭስ፣ ከከሰል አክሳይ ጉድጓድ፣ አዲስ ሣር እንዲበቅል ተብሎ ከሚለኮስ ቃጠሎ፣ ከእረኛ ምድጃም ይነሣል። በ2000 እ.ኤ.አ. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የወረደው ቃጠሎ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰሜን ተራሮች ፓርክ የተነሣው እሳት ምን ያህል ሰው እንዳስጨነቀ የሚዘነጋ አይደለም። በሰሜን ተራሮች የሚበቅለው አስታ በቁመቱ ሲያዩት ለምለም ይመስላል፤ እሳት ሲነካው ግን እንደ ችቦ ይነድዳል።

ተለማማጁ አስቀድሞ የእሳት መከላከያ መስመር ማጽዳት ይማራል። መስመሩ ከሣርና ከቅጠል ጸድቶ ዐፈሩ እስኪታይ ይጠረጋል፤ በሸንተረር አናት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱም እሳት ሽቅብ ሲሄድ ይፈጥናል፤ ሸንተረሩን ዞሮ ቁልቁል ሲወርድ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ ሕይወት የሚያድን አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም እሳቱ ከታች ሆኖ ሰው ከላይ መቆም የለበትም። እሳትን የሚዋጋ ሰው ከጎኖቹ ጀምሮ ወደ ራሱ ይጠጋል፤ ማምለጫውንም አስቀድሞ ያያል፤ አስቀድሞ የተቃጠለው መሬት መሸሸጊያ ይሆነዋል።

በእርጥብ ቅርንጫፍ መምታት፣ ዐፈር መበተን፣ ነፋሱ በሚያርፍበት በሌሊትና በማለዳ አጥብቆ መሥራት የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ከሁሉ የሚረሳው ግን እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የአስታ ሥር ከመሬት በታች ለቀናት ሊጨስ ይችላል። ስለዚህ ተለማማጁ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጉቶ እያስጠጋ ሙቀቱን ይፈትናል፤ ሙቀት ያለበትን ቆፍሮ በዐፈር ያፍነዋል። አመዱ ሳይበርድ ወደ ቤቱ የሄደ ጠባቂ እሳቱን በአደራ አስቀምጦ እንደ ሄደ ይቈጠራል።

ግንቦትና ሰኔ፤ ጉድጓዱና ሰዉ

በግንቦት የመትከያው ጉድጓድ ይቆፈራል። ስፋቱም ጥልቀቱም ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የላይኛው ጥቁር ዐፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጣል፤ በተከላ ጊዜ ጥቁሩ ዐፈር ወደ ሥሩ ይመለሳል። በዚሁ ጊዜ በችግኝ ጣቢያው ውኃውና ጥላው ጥቂት በጥቂት ይቀነሳል። በምቾት ያደገ ችግኝ ተራራ ላይ ሲወጣ ስለሚደነግጥ አስቀድሞ መከራ እንዲለምድ ነው።

ነገር ግን የእነዚህ ወራት ታላቁ ትምህርት ቁፋሮ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ የብዙ ገበሬ ጎተራ ይጎድላል። እንጨት ሽጦ እህል የሚገዛ፣ ከብቱም ሣር ያጣችበት ሰው ወደ ጥብቁ ቦታ ዓይኑን ያነሣል። ተለማማጁ ከደን ሲወጡ የሚያገኛቸው ብዙ ጊዜ ሽፍቶች አይደሉም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው።

አንዲት አሮጊት እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ ተሸክመው ሲመጡ ተለማማጁ ያገኛቸዋል እንበል። ተለማማጁ፦ «እማማ፣ ይህ ወይራ እርጥብ ነው፤ ክልክል መሆኑን ያውቁ የለም ወይ?» ቢላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፤ አንተ የእናትህ ምጣድ በምን እንደሚግል ታውቃለህ?» ብለው ይመልሱለታል። ለዚህ ጥያቄ በመጽሐፍ የተጻፈ መልስ የለም። ተለማማጁ ሸክሙን ቀምቶ ቢጥል ሕግን አስከበረ ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እሳት ሲነሣ የሚጠራው፣ እንጨት ቆራጭ በሌሊት ሲመጣ የሚነግረው ሰው አያገኝም። ዝም ብሎ ቢያሳልፋቸው ደግሞ ነገ አሥር ሴቶች ይመጣሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ወይራው አይኖርም።

ነባሩ ጠባቂ የሚያስተምረው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ሸክሙን አሳርፎ፣ ቁጭ ብሎ፣ የእርጥቡና የደረቁን ልዩነት በትሕትና ማስረዳት፤ የወደቀና የደረቀ እንጨት የሚለቀምበትን ቀን ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር መወሰን፤ ከብት ወደ ተከለለው ቦታ እንዳትገባ ተከልክሎ ሣሩ ግን በማጭድ ታጭዶ በሸክም እንዲወሰድ ማድረግ፤ በየቤቱ አጥር ሥር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል ከጣቢያው ችግኝ መስጠት ነው። እንጨት ነግዶ በጭነት የሚያወጣውን ግን ያለ ርኅራኄ ለሕግ ማቅረብ ነው። ድኻና ነጋዴን ለይቶ ማወቅ የጠባቂ ፍርድ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት በአጽመ ርስትነት በጋራ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ቦታው ለ3 ወይም ለ5 ዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ጠባቂዎቹም ከሕዝቡ መካከል የተመረጡ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ በአዲስ ኮሚቴ ጥበቃውን ቀጥሏል። ዛሬ በጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙት የአጥር ሽቦ ስለ ከለላቸው ሳይሆን ሕዝቡ የእኔ ነው ስላለ ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ተራራውን ከልሎና ጎርፉን አቁሮ ምንጮቹን ስለ መለሰ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኩዌተር ሽልማት ተሰጥቶታል። በሁምቦም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተራራ በገበሬዎች ማኅበራት ተከልሎ፣ ከአሮጌ ጉቶዎች የወጣው ቡቃያ እየተመረጠና እየተገረዘ ደን ሆኗል። በዚያ ሥራ ከአንድ ጉቶ ላይ ቀጥ ያሉት ጥቂቶች ቀርተው የቀሩት ይቈረጣሉ፤ የተቈረጠውም ማገዶ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል። አሮጊቷ የጠየቁት ጥያቄ መልስ ያገኘው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ፤ ተከላና የጎርፍ ዘበኝነት

መሬቱ በዝናም ሲረካ፣ ይኸውም እጅ ወደ ዐፈሩ ሲገባ አንድ ስንዝር ያህል እርጥብ ሆኖ ሲገኝ፣ ተከላ ይጀመራል። ችግኙ በግንዱ ተይዞ አይነሣም፤ በከረጢቱ ይያዛል። ከረጢቱ በምላጭ ይቀደዳል፤ ተጠምጥሞ የተገኘ ሥር ይቈረጣል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል እንዲሆን ይደረግና ዐፈሩ በእግር ይረገጣል። ባዶው ላስቲክ በሜዳ አይጣልም፤ ተቈጥሮ ይመለሳል። ላስቲኩን ሳይቀድ የተከለ ሰው ዛፍ አልተከለም፤ ከረጢት ቀብሯል።

በነሐሴ ከባድ ዝናም ሲወርድ ብዙ ሰው ከቤቱ ይጠለላል፤ ተለማማጁ ግን ካባውን ለብሶ ይወጣል። ጎርፉ በየት እንደሚሰበሰብ፣ የትኛው ክትር እንደሞላ፣ የትኛው ካብ እንደተጎነጎነ የሚታየው በዚያች ሰዓት ብቻ ነውና። ከአንድ ድንጋይ መንሸራተት የጀመረ ጥፋት በዚያኑ ቀን በአንድ ሰው እጅ ይመለሳል፤ ለሳምንት የተተወ እንደ ሆነ ግን መንደር ሙሉ ሰው ይፈልጋል።

ሁለተኛው መስከረም፤ ሒሳብ

ዓመቱ ሲዞር ነባሩ ጠባቂ ተለማማጁን ወደ ተከላው ቦታ ይመልሰዋል። ጥያቄውም «ስንት ተከልህ?» የሚል ሳይሆን «ስንት በሕይወት አለ?» የሚል ነው። ተለማማጁ በመስመር እየሄደ የጸደቀውን፣ የደረቀውንና ከብት የበላውን ለየብቻ ይቈጥራል። የሞተውንም ነቅሎ ምክንያቱን ይመረምራል፤ ሥሩ የተጠመጠመ ከሆነ ጥፋቱ የችግኝ ጣቢያው ነው፤ አንገቱ የተቀበረ ከሆነ የተካዩ ነው፤ የተነጨ ከሆነ የጠባቂው ነው። ይህን ሒሳብ ያለ ሐሰት የጻፈ ተለማማጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂ ሊባል ይገባዋል።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው ይህ ስፍራ፣ ዋልያው በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመግፋቱ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ለማጥፋት ጥቂት ዓመታት ይበቃሉ፤ ለመመለስ ግን 21 ዓመት ወስዷል።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት፣ መምህራንና ሽማግሌዎች ጠባቂ በሚመርጡበት ጊዜ ጠመንጃ የሚይዝ ብቻ ሳይሆን ድንጋይ የሚያስቀምጥ፣ ዘር የሚለይና ጎረቤቱን የሚያከብር ጐልማሳ እንዲመርጡ ይገባል። ገበሬውም ተለማማጁ በማሳው ዳር ሲባጎ ይዞ ሲያልፍ ባየ ጊዜ «ምን ይሠራል?» ብሎ ከመሳቅ ይልቅ ችካሉን ቢይዝለት የሚጠቀመው ራሱ ነው። ተራራው የጸና እንደ ሆነ ማሳው ይጸናል፤ ማሳው ከጸና ልጆች ከአገራቸው አይሰደዱም።